አረንጓዴው የማዶ መስመር

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

ጠዋት ደመና፣ ከሰዓት ፀሐይ። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ የነበርን፦ እኔ፣ ኢንጂነሩ፣ ተረኛዋ። አለቃ ሁለት ጊዜ ብቅ ብላ ሄደች።

የስልክና የኢንተርኔት መስመሮቻችንን ሁሉ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ስክሪን ላይ አወጣኋቸው። ጣቢያዎቹ ነጥብ፣ በመሃላቸው ያለው መስመር ክር። ስንት ዓመት በሰንጠረዥ ሳያቸው የኖርኩት... ቁጥር ብቻ የነበሩት... አሁን ቅርፅ አላቸው። ግን ምን ዓይነት ቅርፅ! ድመት የተጫወተችበት የክር ጥቅልል።

ኢንጂነሩ ከኋላዬ ቆሞ አየና፣ «እትዬ፣ ይሄ ኔትወርክ ነው ወይስ የኔ ፀጉር ጠዋት ስነሳ?» አለ። ሳቅኩ። እውነቱን ነው።

አለቃ ደግሞ፣ «ቆንጆ ነው። ምን ይላል?» አለች።

ምን ይላል... «ገና ነው» አልኩ።

ሪፖርት ክፍል ሳለሁ ሥራዬ የየጣቢያውን ቁጥር ሰብስቤ በየወሩ ሰንጠረዥ ማውጣት ነበር። ማንም አያነበውም። አንድ ቀን ከመሰልቸት ብዛት ቁጥሩን በቀለም ቀባሁት፤ ቀርፋፋውን መስመር ቀይ፣ ፈጣኑን አረንጓዴ። አለቃ አየችውና «ይሄን ማነው የሠራው?» አለች። ወደዚህ ክፍል የመጣሁት እንዲህ ነው። የተጠየቅኩት፣ ተረኞች በጨረፍታ አይተው የታመመውን መስመር የሚለዩበት፣ በማውስ ሲነኩት የሚመልስ ስክሪን ነው። ኢንጂነሩ ዳታውን ይሰበስባል፣ እኔ እስላለሁ። ለጊዜው በሙከራ።

ከዚህ ሁሉ ክር ውስጥ የታመመው እንዴት ብሎ ነው የሚናገረው?

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ጥርት ያለ ሰማይ። እነዚያው ሰዎች።

ተረኛዋን ሁላችንም «ሬዲዮ» ነው የምንላት። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ፣ አፏ ላይ ወሬ፤ ሁለቱም አይጠፉም። ዛሬ አስቀመጥኳትና «የታመመውን መስመር ፈልጊልኝ» አልኳት። ዝም ብዬ እጇን አየሁ። ቀዩን ትታ ወፍራሙን ክር ነካች። የሌላ ቀን ዳታ አወጣሁላት። አሁንም ወፍራሙን።

«ለምን እሱን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ወፍራም ነገር ዓይኔን ይጠራዋል። ባሌን አላየሽውም?»

ኢንጂነሩ ሻዩ ትን አለው።

ውፍረቱን የሰጠሁት ብዙ ሰው ለሚጠቀምበት መስመር ነበር። ብዙ የተሸከመ ሁሉ ታሟል ማለት ግን አይደለም። ዓይን ይሄን አይጠይቅም፣ ዝም ብሎ ወደ ወፍራሙ ይሄዳል። ይገርማል... ሁሉንም አቀጠንኳቸው። የሚሸከሙትን ብዛት ማውሱ ሲያርፍባቸው ብቻ እንዲናገሩ አደረግኩ። የተነካው ክር ይጎላል፣ የቀሩት ይደበዝዛሉ። ከስር ደግሞ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚጎተት የሰዓት መስመር አስገባሁ። ትናንትን ጎትቶ ማየት ይቻላል።

ራሴ ስጎትት ዋልኩ። ንጋት ላይ ሁሉም ተኝተዋል። ሰው ሥራ ሲገባ ይነቃሉ። ሰው ቤቱ ሲገባ ይቀላሉ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ይበርዳሉ። ይተነፍሳሉ! በሰንጠረዥ ይሄንን አንድም ቀን አላየሁትም።

ግንቦት 8፣ ዓርብ

ዝናብ። ኢንጂነሩ ጥርሱን አሞት ቀረ። ምንም አልተሠራ።

ግንቦት 10፣ እሑድ

ነፋስ። ቤት። እህቴና እኔ።

እህቴ ፊት ለፊት ባለው ክፍል ልብስ ትሰፋለች፣ እኔ ጥግ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነኝ። ትምህርት ቤቴ ይሄ ጥግ ነው። ሽፋን የሌለው የኮምፒውተር መጽሐፍ አለኝ፤ ከሦስተኛው ምዕራፍ ይጀምራል፣ መሃሉም ተገንጥሏል። ኢንጂነሩ ሊጥላቸው የነበሩ ወረቀቶች። የማላውቀው ሰው የጻፈው ኮድ፣ ግማሹ። የቀረው በሙከራ።

እህቴ «ያንቺ እውቀት ድሪቶ ነው» ትላለች። ክፋት የለባትም። ድሪቶም ይሞቃል።

«ምን እየሠራሽ ነው ደግሞ በሰንበት?»

«ክር እየፈታሁ።»

«እኔም» አለች፣ የአንድ ሱሪ ስፌት እየተረተረች።

ግንቦት 13፣ ረቡዕ

ደመና። ሬዲዮ፣ ኢንጂነሩ፣ እኔ።

ሬዲዮ ገና ከመግባቴ፦ «እትዬ፣ ይሄ ነገርሽ እንደ ጭፈራ ቤት መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ዓይኔን ሊያወጣው ነው!»

ቁጭ ብዬ አየሁት። እውነቷን ነው። በየጣቢያው መለኪያ ሳጥን አለ። መልእክት ሄዶ እስኪመለስ የወሰደበትን ጊዜ እየለካ በየጥቂት ደቂቃው ቁጥር ይልክልናል። አንዳንዱ ቁጥር መንገድ ላይ ይቀራል። ሲቀር ክሩ ቀለም ያጣል፣ ቀጣዩ ሲመጣ ይበራል። በዚህ ሁሉ መስመር ሲሆን ደግሞ...

መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ። አዲስ ቁጥር እስኪመጣ ድረስ ክሩ የመጨረሻውን ቀለም ይዞ ይቆይ። አጭር ኮድ ነው፣ ያን ግማሽ ኮድ አይቼ ጻፍኩት። ስክሪኑ ወዲያው ጸጥ አለ።

«ተባረኪ! አሁን ሰው ሆንኩ» አለች ሬዲዮ።

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። እንዲህ ትንሽ ነገር ሰው ሲያሳርፍ...

ግንቦት 18፣ ሰኞ

ፀሐይ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ነበር። ሁላችንም ነበርን፣ አለቃም፣ ገመዴም።

ገመዴ የመስመር ቴክኒሻን ነው። ጺሙ ሽበት፣ ጫማው ሁልጊዜ ጭቃ። ስለ የትኛውም መስመር ሲያወራ «ገመዴ» ስለሚል ስሙ ሆኖ ቀረ። ከሸለቆው ማዶ ወዳለው ሰፈር የሚሄደው መስመር ግን ገመድ የለውም። ማዶ ጉብታው ላይ አንቴና አለ፣ ከኛ ጣሪያ አንቴና ጋር በአየር ነው የሚነጋገሩት። እሱንም «ገመዴ» ይለዋል።

ዛሬ እየጮኸ ገባ። «ዝናብ ሲመጣ ማዶ ይጠፋል! ትናንትም ጠፍቷል። አንቴናው ይቀየር እያልኩ ምላሴ ተላጠ!»

አለቃ ማውሱን ያዘች። የማዶ መስመር፣ አረንጓዴ። ሰዓቱን ወደ ትናንት ጎተተችው። አረንጓዴ። ወዳለፈው ሳምንት። አረንጓዴ።

«የቱ ጋ ነው የጠፋው? አሳየኝ።»

«የማዶ ሰዎች ራሳቸው ይደውሉ የለ እንዴ?»

«ይደውላሉ» አለች ሬዲዮ። «ግን ሁልጊዜ ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ከፍቼ ሳየው ሰላም ነው።»

«ታዲያ ጠፍቶባቸው ሳለ በምን ይደውሉ? በፉጨት?»

ሁላችንም ሳቅን። አለቃ አልሳቀችም።

«በየሳምንቱ ጉብታው ላይ ነህ። መኪና ትይዛለህ፣ ቀን ትፈጃለህ፣ ተበላሸ ትላለህ። ይሄ ስክሪን የሚለው ሌላ ነው።»

ገመዴ ዞሮ አየኝ። «ያንቺ ሥዕል ነው ውሸታም የሚለኝ?»

ምን ልበል? ዝም አልኩ።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ

ደመና፣ ብርድ። ስብሰባ፦ አለቃ፣ ኢንጂነሩ፣ ሬዲዮ፣ እኔ። ገመዴ መስክ ነበር።

ሰኔ 5 ከዋናው ቢሮ እንግዶች ይመጣሉ። ስክሪኑ ይታያቸዋል። ከወደዱት በየቅርንጫፉ ይገባል፣ እኔም ከሙከራ ወደ ቋሚ። ካልወደዱት ወደ ሪፖርት ክፍል እመለሳለሁ።

ከዚያ የገመዴ ነገር ተነሣ። አለቃ በዚያው ቀን ከመስመር ሥራ አንስታ መጋዘን ልታስገባው ነው። ማስረጃዋ ስክሪኑ። ዕድሜውን ምሰሶ ላይ የጨረሰ ሰው፣ ጨለማ ቤት ውስጥ ጥቅልል ሲቆጥር...

«የሚቃወም አለ?»

ኢንጂነሩ እስክሪብቶውን አየ። ሬዲዮ እንኳ ዝም።

«ዝም ካላችሁ ተስማምታችኋል» አለችና ጻፈች፦ በሙሉ ድምፅ።

እኔ ዝም ያልኩት ተስማምቼ ነው? አይደለም። ስላላወቅኩ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱ አንድ ሆነው ተጻፉ።

እናታችን «ዝም አይነቅዝም» ትል ነበር። እንጃ።

ግንቦት 21፣ ሐሙስ

ሲዘንብ ሲያባራ ዋለ።

ሌሎቹን ሁሉ አደብዝዤ የማዶን መስመር ብቻዋን አወጣኋት። ቀን በቀን ጎተትኳት። አንድ ነገር አለ... ሌሎቹ መስመሮች ይተነፍሳሉ ብዬ አልነበር? ይቺ ትተነፍሳለች፣ ትተነፍሳለች፣ ከዚያ ድንገት እንደተተኮሰ ጨርቅ ዝርግ ትላለች። ሽብሽብ የለ፣ እጥፋት የለ። ያማረ አረንጓዴ። ከዚያ ደግሞ መተንፈስ ትጀምራለች።

ለኢንጂነሩ አሳየሁት። «ጥሩ እየሠራ ነዋ» አለ።

ሰው የሚጠቀምበት ነገር እንዲህ ዝርግ ይላል? እህቴ ፊት ለፊት ምንም ያልተጨማደደ ልብስ ይዞ የመጣ ሰው ወይ አልለበሰውም ወይ...

ወይ ምን? አላወቅኩም። ስለማላውቀው ነገር ሳስብ ምሳዬ ቀዘቀዘ።

ግንቦት 24፣ እሑድ

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። ቤት። እህቴ፣ እኔ፣ አንዲት ደንበኛ።

ደንበኛዋ አዲስ የገዛችውን ካፖርት ይዛ መጣች። «እስቲ እዪልኝ፣ ጥሩ ገዛሁ?»

እህቴ ፊቱን እንኳ አላየችውም። ወዲያው ገለበጠችው። ስፌቱን በጣቷ ዳበሰች፣ የገበሩን ጠርዝ ገለጥ አደረገች፣ ብብቱ ስር ስትደርስ ቆመች።

«እዚህ ጋ ተቀዶ ነበር። በራሱ ክር፣ በራሱ ቀለም ደፍነውታል። ጎበዞች ናቸው።»

«ውይ! ሱቅ ውስጥ ዞሬ ዞሬ ነው ያየሁት እኮ!»

«በፊቱ በኩል ነዋ የዞርሽው፣ የኔ እመቤት።»

ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ፣ «ከፊት እኮ እኔም ምንም አላየሁም» አልኳት።

«እንዳታዪ አይደል የደፈኑት? የልብስ ፊት የሚያወራው የሰፊውን ወሬ ነው። የልብሱን ወሬ ከፈለግሽ ገልብጪው።»

በራሱ ቀለም መድፈን... ድስቱን ላማስል የያዝኩት ማንኪያ እጄ ላይ ቀረ። አዲስ ቁጥር እስኪመጣ የመጨረሻውን ቀለም ይዞ ይቆይ! እኔ ነኝ። የደፈንኩት እኔው ነኝ!

«አንቺ ልጅ፣ እየተቃጠለ ነው!» አለች እህቴ።

ተቃጠለ። በላነው።

ግንቦት 25፣ ሰኞ

ደመና። ኢንጂነሩና እኔ። ሬዲዮ ጆሮዋን ወደኛ፣ ማዳመጫውን አንገቷ ላይ።

«የመጡትን ቁጥሮች ተዋቸው፣ ያልመጡትን ስጠኝ» አልኩት።

«እትዬ፣ ያልመጣ ነገር ከየት ላምጣልሽ?»

ትንሽ ቆይቶ ግን ገባው። እያንዳንዱ ሳጥን በስንት ጊዜው መላክ እንዳለበት ይታወቃል። መምጣት ከነበረበት ላይ የመጣውን ስትቀንስ ያልመጣው ይቀራል። አንድ ላይ ቁጭ ብለን አወጣነው።

የማዶ መስመር ወንፊት ነው።

ዝርግ ያለችባቸው ሰዓታት በሙሉ ባዶ ናቸው። አንድም ቁጥር አልመጣም። ከዝናቡ ቀን ጋር አስተያየነው፣ ብዙው ገጠመ። ኢንጂነሩ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ሳጥኑ ስለ መንገዱ የሚነግረን በዚያው መንገድ ልኮ ነው...»

አዎ። መንገዱ ሲዘጋ መልእክተኛውም ይቀራል። እኛ ደግሞ ክፉ ወሬ ይዞ የመጣ የለም ብለን ሰላም ነው አልን።

የመጽሐፌ የተገነጠለው ምዕራፍ ስለ ጎደለ ነገር ይሆን እንዴ? ሳቄ መጣ። ከዚያ ገመዴ ትዝ አለኝና ሳቄ ቆመ።

ግንቦት 26፣ ማክሰኞ

ፀሐይ። አለቃና እኔ፣ ቢሮዋ።

ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ፦

«ቁጥሩ ያልመጣው መስመሩ ስለጠፋ ነው ወይስ ሳጥኑ መብራት አጥቶ?»

«አላውቅም።»

«ሳጥኑን መንከባከብ የማን ሥራ ነው?»

«የገመዴ።»

«እንግዲህ! ሳጥኑን ረስቶት ቢሆንስ? እንግዶች ፊት ‹አላውቅም› የሚል ስክሪን ላቅርብ?»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ጥያቄዋ ትክክል ነው። ዝምታ አረንጓዴ አይደለም፣ እሺ... ቀይ ነው ያለውስ ማነው?

«እስከ ሰኔ 5 ካወቅሽ አሳዪ። ካላወቅሽ ያለው እንዳለ ይቅረብ» አለች።

ግንቦት 28፣ ሐሙስ

ነፋስ። ከሰዓት ገመዴ መጣ። ሬዲዮ ነግራዋለች፣ ሌላ ማን ይነግረዋል።

«እቴ፣ ቀዳዳ ነው አሉ።»

«አዎ።»

«ታዲያ ቀይ ቀቢዋ! በዓይኔ ያየሁት ነው። ልማልልሽ?»

«በጠፋ ቁጥር እዚያ ነበርክ?»

«አንዳንዴ ነበርኩ፣ አንዳንዴ ነገሩኝ... ምን ልዩነት አለው?»

«አረንጓዴ የቀባሁት ሳላውቅ ነው። አሁን ቀይ ብቀባውም ሳላውቅ ነው።»

አየኝ። ጺሙን አሸት አሸት አደረገ። «መጋዘን ልገባልሽ ነው እኮ፣ እቴ። እዚያ መስኮት እንኳ የለም።»

ወጣ። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ቢያላጋው ይሻለኝ ነበር።

ግንቦት 30፣ ቅዳሜ

ደመና። ብቻዬን ነበርኩ።

ያልታወቀ ነገር ምን ዓይነት ቀለም ነው? ግራጫ ሞከርኩ፣ የታመመ አረንጓዴ መሰለ። ነጭ ሞከርኩ፣ ጮኸ። ቢጫ ሲሆን ማስጠንቀቂያ ይመስላል፣ የማስጠነቅቀው ነገር ደግሞ የለኝም። በመጨረሻ ምንም ላለመቀባት ወሰንኩ። ክሩ እዚያ ጋ የለም፣ አለቀ። ቀዳዳ።

የሬዲዮ ዓይንም እንዳይታመም የስክሪኑን ፊት እንዳለ ተውኩት። ከጎን አንድ ቁልፍ ጨመርኩ። «ገልብጥ» ይላል። ሲጫኑት ስክሪኑ ይገለበጥና ውስጡ ይመጣል። የመጣ ቁጥር ሁሉ አንድ ስፌት ነው፣ ያልመጣው ባዶ። ያው የእህቴ ካፖርት።

አማረኝ። የአለቃን ጥያቄ ግን አይመልስም። ቀዳዳው ለምን ሆነ?

ሰኔ 1፣ እሑድ

ካፊያ። ቤት። እህቴና እኔ።

የማዶን መስመር ውስጡን አትሜ ይዤ መጥቼ ነበር። ምሳ ላይ ጠረጴዛው ላይ ትቼው ስነሳ እህቴ አፏ ውስጥ ስፒል እንደያዘች አጎንብሳ ታየዋለች።

«ይሄኛው በመቀስ ነው የተቆረጠው» አለች። «እነዚህ ግን ተቀደው ነው።»

«ምኑ?»

«ቀዳዳዎቹ ናቸዋ።»

«በምን አወቅሽ?»

ስፒሎቹ አፏ ውስጥ ሆነው መናገር ስላልተመቻት አወጣቻቸው። «ጫፉን እዪ። መቀስ ሲቆርጥ እስከ ጫፉ ደህና ነው፣ ከዚያ የለም። ጨርቅ ሲለቅ ግን እንዲህ አይደለም። መጀመሪያ ይላላል፣ ክሩ ይመዘዛል፣ እዚህም እዚያም አንድ አንድ ይቀራል፣ ከዚያ ነው ቦታው የሚለቀው። ምነው አፍጥጠሽ ቀረሽ?»

መብራት ሲሄድ ሳጥኑ በአንዴ ነው የሚሞተው። ዝናብ ሲመጣ ግን... ቁጥሩ መጀመሪያ ይዘገያል፣ ይቀላል፣ አንዱ ይመጣል አንዱ ይቀራል፣ ከዚያ ጭር ይላል። ሁለቱም ዝም ይላሉ። ዝም ከማለታቸው በፊት ያሉት ግን ይለያያል!

እህቴን ሳምኳት። «በይ በይ፣ መርፌ ይዣለሁ» አለች።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ዝናብ፣ ፀሐይ፣ ዝናብ። ኢንጂነሩና እኔ።

መብራት መሄዱ በእርግጠኝነት የሚታወቅበትን ሌላ ጣቢያ ከፍተን አመሳከርን። ጫፉ ንጹሕ፣ መቀስ። ሌላም አየን። መቀስ። ኢንጂነሩ «እህትሽን እንቅጠራት» አለ።

አሁን ቀዳዳውን ሲነኩት ሁለቱ ጫፎቹ ጎልተው ይወጣሉ። የማዶን አንድ በአንድ ከፈትኩ። አብዛኛው የተቀደደ፣ ክሩ የተመዘዘ። ዝናብ ነው፣ ገመዴ እውነቱን ነው።

ግን መቀስም አለ። ጥቂት አይደለም። መብራት ሲሄድ ሳጥኑን መያዝ ያለበት ባትሪ አልያዘውም ማለት ነው። ይሄን ገመዴ አይወደውም... የተቀደዱትን ብቻ ላሳይ? አሰብኩበት፣ አልዋሽም። እንዳሰብኩትም አፈርኩ። እንደገና መድፈን ሊሆን!

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ፀሐይ፣ ደመና የለም። አለቃ፣ ሦስት እንግዶች፣ ኢንጂነሩ፣ ሬዲዮ፣ እኔ። ገመዴ በሩ ጋ ቆሞ።

ማወቄን ጠዋት ለአለቃ ልነግራት ነበር፣ እንግዶቹ ቀድመው ገቡ። ማውሱን የያዘችው እሷ ናት። ፊቱን አሳየች። እየነካች፣ እየጎተተች። እንግዶቹ ወደዱት። ቦርጫሙ እንግዳ «ያቺ የማዶዋ መስመር ግሩም ናት፣ ሁሉም እንደሷ ቢሆኑ!» አለ። በሩ ጋ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

አለቃ ዞር ብላ አየችን። «እንግዲህ ጥያቄ ከሌለ...»

«አለኝ» አልኩ።

ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ። ሬዲዮ ማዳመጫዋን አወለቀች። ሄጄ ቁልፉን ተጫንኩት።

ስክሪኑ ተገለበጠ። የማዶ መስመር ቦታ ላይ ቅዳጅ፣ ቀዳዳ፣ ቅዳጅ። ሌሎቹም መስመሮች እዚህም እዚያም ተበስተዋል።

«ታዲያ እስከዛሬ አረንጓዴ ያለው ማነው?» አለ ቦርጫሙ።

«እኔ ነኝ። ዓይን እንዳይታክት ብዬ ያልመጣውን በመጣው ደፈንኩት። ይሄ ስክሪን ስለ ማዶ የነገራችሁ ምንም ሳይሰማ ነው።»

አለቃ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ያን ቀን የጠየቅኩሽንስ? አወቅሽ?» አለች።

ጫፎቹን ከፈትኩ። መጀመሪያ የተቀደዱትን። እንዴት እንደሚላሉ፣ እንዴት እንደሚመዘዙ። «ይሄ ዝናብ ነው። አንቴናው።»

«ይኸው!» አለ ገመዴ ከበሩ። «ይኸው!»

ከዚያ የተቆረጡትን። «ይሄ መብራት ሲሄድ ነው። ባትሪው አልያዘም።»

ሁሉም ወደ በሩ ዞረ። የገመዴ ጣት አየር ላይ ቀረ።

«ባትሪው... ደክሟል» አለ። «አውቃለሁ።»

«ለምን አልነገርከንም?»

«ስለ አንቴናው ስጮህ የሰማኝ ሳጣ፣ ስለ ባትሪው ማን ይሰማኛል ብዬ ተውኩት።»

አለቃ ሳቋ መጣ፣ ዋጠችው። «የዝናቡ የኛ ነው፣ የመብራቱ ያንተ ነው። መጋዘኑ ይቅር። ነገ ባትሪ ይዘህ ውጣ፣ አንቴናውንም አይተህ ምን እንደሚያስፈልገው ጻፍልኝ።» ወደ እኔ ዞረች። «አንቺም ውጪ። ስትስዪው የከረምሽውን ነገር አይተሽው ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። አንድም ቀን።

እንግዶቹ ስለ ስክሪኑ «እናስብበታለን» ብለው ሄዱ። ፊታቸው አይነበብም። ምናልባት ወደ ሪፖርት ክፍል... ምናልባት አይደለም። እሱን አላውቅም፣ ባዶውን ተውኩት።

ገመዴ ሲወጣ በትከሻው ገፋ አደረገኝ። «ባትሪዬን ባትገልጪብኝ ምን ነበረበት፣ አንቺ ዝምተኛ!» እየሳቀ ነበር።

እናቴ ትስማኝ። ዝም ይነቅዛል።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ጠዋት ፀሐይ፣ ኋላ ዝናብ። ሾፌሩ፣ ገመዴ፣ እኔ።

የዛሬውን እንደሆነው ልጻፍ።

ተነሣሁ። እህቴ የዝናብ ልብሷን አለበሰችኝ፣ ከማልበሷ በፊት ገልብጣ አየችው። መኪናው ውስጥ ባትሪውን እግሬ መሃል ይዤ ተቀመጥኩ። ሸለቆውን ወረድን፣ ድልድዩን ተሻገርን፣ ጉብታውን ወጣን። አንቴናው ካሰብኩት ያነሰ ነው። ሳጥኑ ከስሩ፣ የጫማ ካርቶን የሚያህል፣ በአንድ በኩል ዝገት። ይቺን ነጥብ ስንት ቀን ወዲያና ወዲህ ጎተትኳት።

ገመዴ አሮጌውን ባትሪ ፈትቶ አቀበለኝ። አዲሱን አሰረ። አረንጓዴ መብራት በራ፣ ጠፋ፣ በራ። ለሬዲዮ ደወልኩ።

«ገልብጪው» አልኳት።

«ገለበጥኩት። መጣሽ! እትዬ፣ ስፌት በስፌት እየመጣሽ ነው! እዚያ ብርድ ነው? ምሳ ይዛችኋል?»

ዝናቡ በሸለቆው በኩል ሲመጣ አየነው። መጀመሪያ ድልድዩ ጠፋ፣ ከዚያ መንገዱ።

«እየቀላሽ ነው» አለች ሬዲዮ። «አሁን አንድ ዘለለ... ሌላም... ውይ፣ እትዬ፣ ክሩ እየተመዘ—»

ጭር አለ። ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት። ምንም።

ገመዴ ሸራውን ራሳችን ላይ ዘረጋ። «አሁን እዚያ ምን ይታያል?» አለኝ።

«ቀዳዳ።»

«እኛ ግን አለን።»

«አለን» አልኩ።

ተቀመጥኩ። እጄን ሳጥኑ ላይ አሳረፍኩ። ሞቅ ይላል። ትንሿ መብራት ትበራለች፣ ትጠፋለች፣ ትበራለች። ይልካል። የሚሰማው የለም፣ ይልካል። ዝናቡ እስኪያባራ እጄን አላነሳሁም።